ቂመኛ እውነት ሲናገር

ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ወረቀት ሾልኮ ወጣ እንበል። የእርዳታ ስንዴ ማከፋፈያ ዝርዝር ይሁን፣ ወይም ለሞረትና ጅሩ ገበሬ የተመደበ ማዳበሪያ ወጪ የሆነበት ደረሰኝ ፎቶ። ወረቀቱ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር እድር ድንኳን ሥርም፣ ጠላ ቤትም፣ የቢሮ ኮሪደር ላይም መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ማን አወጣው?» ነው። ቀጥሎ «ምን ፈልጎ ነው?» ይመጣል። መልሱም አይጠፋም፦ ሹመት ተነፍጎ ነው፤ ከእስቶር ኪፐሩ ጋር በድንበር ይካሰሳሉ፤ ውጭ አገር ለመውጣት ማስረጃ እያጠራቀመ ነው፤ የእገሌ ሰው ነው። «ለመሆኑ እውነት ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ በረካው ላይ እንኳ አይደርስም።

ፈላጭ ቆራጭ መንግሥት ሥር የሚኖር ሰው ምስጢር ሲያወጣ ልቡን መመርመር ትርፉ ትንሽ ነው ብዬ አምናለሁ። ትርፍ የለውም አላልኩም። የሰውየው ፍላጎት የት ቦታ ላይ ሊያጋንን ወይም ሊደብቅ እንደሚችል ይጠቁመናል። አጋንኖ እንደሆነና እንዳልሆነ ግን አይነግረንም። እሱን የሚነግረን ወረቀቱ፣ ሒሳቡና የቀኑ ቅደም ተከተል ነው።

በመጀመሪያ ቃሉ ራሱ ቁስል አለበት። በ1969 እና በ1970 በቀይ ሽብር ጊዜ ቀበሌ ነዋሪውን ሰብስቦ «አጋልጥ» ይል ነበር። የተጠቆመው ሰው ማታ ተወስዶ አስከሬኑ ጠዋት መንገድ ዳር የሚገኝበት ዘመን ነበር። ኋላ በኢሕአዴግ ጊዜ አንድ ለአምስት መጣ፤ ጎረቤት ጎረቤቱን እያየ ወደ ላይ ሪፖርት የሚያደርግበት። ጆሮ ጠቢ፣ አሳባቂ፣ ሰላይ፣ ጠቋሚ፣ አጋላጭ ሁሉም አንድ ከረጢት ውስጥ የገቡት እንዲህ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ካየን ደግሞ አውጫጭኝ ነበር። ሌብነት ወይም ግድያ ሲደርስ የአካባቢው ሰው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ የሚያውቀውን በመሐላ እንዲያወጣ ይጠየቃል፣ የቀረ ይቀጣል። እዚያ ነውሩ ዝም ማለት ነበር።

ልዩነቱ የወሬው አቅጣጫ ነው። የቀበሌው ጠቋሚ የደካማውን ስም ለጉልበተኛው አሳልፎ ይሰጣል። አሁን የምናወራለት ሰው የጉልበተኛውን ገመና ለሕዝብ ያወጣል። አማርኛችን ሁለቱንም ጠቋሚ ይላቸዋል፤ በ2003 የወጣው የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699 ሳይቀር። ሰው ሁለተኛውን ሲያይ የመጀመሪያው ትዝ ቢለው አይፈረድበትም፤ ግን ሁለቱን በአንድ ሚዛን መመዘኑ ያሳስታል።

«ፍርድ ቤትስ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጠብ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ምስክር ቃሉን ከመስጠቱ በፊት «ከተከሳሹ ጋር ጠብ ወይም ዝምድና አለዎት?» ይባላል። መንዝ ላይ በርስት ሙግት ጆሮው የበሰለ ሽማግሌም ምስክርን በጠብ መንቀፍ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሆኖም ችሎት ላይ መስቀለኛ ጥያቄ አለ፣ «ሰነዱ ይቅረብልኝ» ማለት አለ፤ ጠብ ያለበት ምስክርም ቢሆን ይሰማል፣ የቃሉ ክብደት ብቻ ይመረመራል። ተከሳሹ ባለሥልጣን፣ ማኅደሩም ጣቢያውም በእጁ ከሆነ ግን የጠብ ጥያቄ ሌላ ሥራ ይሠራል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት ቤት «ምን ፈልገህ ነው?» ማለት ብዙውን ጊዜ «ዝም በል» ማለት ነው።

እንዲህ ባለ ሥርዓት የሰውየው መነሻ ለምን አይታወቅም? አንደኛ፣ የግል ማኅደሩ ያለው በተወቀሰው መሥሪያ ቤት እጅ ነው። የሥራ ክፍተቱ፣ የዲሲፕሊን ክሱ፣ የትዳሩ ወሬ፣ በግምገማ ላይ የተነሣበት ነገር ሁሉ ከወረቀቱ ቀድሞ አደባባይ ይወጣል። ሁለተኛ፣ ሰውየው ራሱ መነሻውን በነፃነት ሊናገር አይችልም። ከተያዘ በኋላ በቴሌቪዥን «ተታልዬ ነው» ቢል ያ ቃል ምንም አያስረዳም። ከተሰደደ በኋላም የሚናገረው ለጥገኝነት መርማሪ ጆሮ የተቃኘ ነው፤ መርማሪው የሚጠይቀው ስለ ደረሰበት አደጋ እንጂ ስለ ስንዴው አይደለም። ሁለቱም ንግግሮች በሰሚው ልክ የተሰፉ ናቸው።

ሦስተኛውን ምክንያት ሰው ብዙ ጊዜ ይዘለዋል። ቂሙ ከጥቆማው በኋላ የመጣ ሊሆን ይችላል። መንገዱ የታወቀ ነው፦ ሠራተኛው መጀመሪያ ለኃላፊው በቃል ይናገራል፣ ቀጥሎ ማስታወሻ ይጽፋል፣ በሚቀጥለው ግምገማ ላይ «የአመለካከት ችግር አለበት» ይባላል፣ እድገቱ ይታገዳል፣ ቆላ ወዳለ ወረዳ ይዛወራል። ወረቀቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲወጣ ሁሉም «ተዛውሮ ስለተናደደ ነው» ይላል። ይህ ለመጣራት የማይቻል ነገር አይደለም። ደብዳቤ ወደ መዝገብ ቤት ሲገባ ቁጥርና ቀን ይመታበታል። የመጀመሪያው የውስጥ አቤቱታ የገባበት ቀን ከዝውውሩ ደብዳቤ ቀን ከቀደመ ቂሙ ውጤት ነው፤ ከኋላ ከሆነ ምናልባት መነሻ ነው። ከብዙ ስለ ጠባዩ ወሬ ይልቅ ሁለት ማኅተም ያለባቸው ቀኖች ይበልጣሉ። (አንድ ችግር አለው፦ አቤቱታውን በቃል ብቻ ያቀረበ ሰው ቁጥር የለውም። በቃል ያቀረበውም ፈርቶ ነው።)

ከእኛው ታሪክ አንድ ጥሩ መለኪያ አለ። ከምርጫ 97 በኋላ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 የደረሰውን ግድያ እንዲያጣራ አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ምክትል ሰብሳቢው ዳኛ ወልደሚካኤል መሸሻ አገር ጥለው ወጥተው በጥቅምት 1999 ለውጭ ጋዜጠኞች የተገደሉት ሰላማዊ ሰዎች 193 መሆናቸውን፣ ኮሚሽኑም መጀመሪያ 8 ለ 2 በሆነ ድምፅ የተወሰደው ኃይል ከመጠን ያለፈ ነው ብሎ ወስኖ እንደነበር ተናገሩ። የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ፍሬሕይወት ሳሙኤልም ተሰደዱ። እንዲህ ያለ ሰው ላይ የሚነሣው ነቀፋ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ጥገኝነት ፈልጎ ነው። ፈልገውም ይሆናል፤ የሚያስፈልጋቸውም ነበር። አሁን ወረቀቱን እንይ። ቆይቶ ለፓርላማ የቀረበው ይፋዊ ሪፖርት የተገደሉት ሲቪሎች ቁጥር 193 ነው አለ። የተለየው መደምደሚያው ነው፤ ኃይሉ ከመጠን አላለፈም ተባለ። ስለዚህ ቁጥሩ ላይ ስደተኛውና መንግሥት ተስማምተዋል። ክርክሩ የቀረው ድምፅ አሰጣጡ ላይ ነው፤ እሱንም የሚፈታው ቃለ ጉባኤው እንጂ የዳኛው ቪዛ አይደለም።

መነሻ የሚባለውን ነገር ከንቱ የሚያደርገው ደግሞ የቻይናዋ ውሃን ከተማ የዓይን ሐኪም ሊ ዌንሊያንግ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 30 ቀን 2019 ለትምህርት ቤት ጓደኞቹ ቡድን ከአንድ ገበያ የመጡ 7 የሳርስ በሽተኞች እንዳሉ ጻፈ። ሕዝብን ለማንቃት አላሰበም፤ ወደ ውጭ እንዳያወጡትም ጠይቋቸዋል። ስክሪንሾቱ ግን ወጣ። ጥር 3 ቀን 2020 ፖሊስ ጠርቶ «እውነት ያልሆነ ነገር አሰራጭተሃል» የሚል ወረቀት አስፈረመው። በዝርዝሩ ከሄድን ስህተት ነበረበት፤ በሽታው ሳርስ ሳይሆን የሱ ዘመድ የሆነ አዲስ ቫይረስ ነበር፣ እሱም ወዲያው ለጓደኞቹ ኮሮና ቫይረስ መሆኑንና ዓይነቱ ገና እየተለየ መሆኑን አክሎ ጽፏል። የካቲት 7 በዚያው በሽታ ሞተ። የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበር። ተቃዋሚ አልነበረም፣ ጀግና ልሁን አላለም፣ ጓደኞቹን ብቻ ነው ያሰበው። መነሻውን ብንመረምር የምናገኘው የጓደኛ ጭንቀት ነው። የተናገረው ነገር ክብደት ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም።

ወደ ሌላው ጫፍ እንሂድ፤ መነሻው ሊወደስ ወደማይችል ሰው። ግሪጎሪ ሮድቼንኮቭ የሞስኮ የአበረታች መድኃኒት መመርመሪያ ላቦራቶሪ ኃላፊ ነበር። ሥራው ሌባ መያዝ ሆኖ ሳለ ሌብነቱን የሚመራው ራሱ ነበር፤ ሦስት ስቴሮይዶችን በአልኮል እየበጠበጠ ለአትሌቶች ያዘጋጅ ነበር፣ ለወንዶች በዊስኪ፣ ለሴቶች በቬርሙት። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 አሜሪካ ገብቶ በሚቀጥለው ግንቦት ሁሉን ዘረገፈው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል ተረታችን፤ ይኸኛው በልቶም ተሽሮም የተናገረ ነው። የካናዳው የሕግ ምሁር ሪቻርድ ማክላረን ሲያጣራ ግን የሰውየውን ነፍስ አልመዘነም። ሮድቼንኮቭ የሶቺ ኦሎምፒክ ሽንት ጠርሙሶች ክዳን ሳይሰበር ተከፍቶ ተለውጧል ካለ፣ ክዳኑ ውስጥ የመሣሪያ ጭረት መኖር አለበት። ንጹሑን ሽንት ከቀድሞው ጋር ለማመሳሰል ጨው ጨምረናል ካለ፣ የጨው መጠኑ ከሰው አካል ሊወጣ የማይችል ሆኖ መገኘት አለበት። ጭረቱ ተገኘ። ጨውም ተገኘ። የሁለት ሴት የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ናሙና ውስጥ የወንድ ዲኤንኤ ተገኘ።

ይህ ታሪክ ጭራ አለው፤ ጭራውን ሰው ይረሳዋል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018 የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት በ28 የሩሲያ አትሌቶች ላይ የተጣለውን ቅጣት ሻረ፤ በእያንዳንዳቸው ላይ የቀረበው ማስረጃ በቂ አይደለም ብሎ። አሠራሩ ነበረ፤ ነጠላ ስሞች ላይ ግን የአንድ ሰው ቃል አልበቃም። የቀበሌ የስም ዝርዝር በቴሌግራም ለሚለቅ ሁሉ ይህን ባስታውሰው ደስ ይለኛል። አሠራርን ማጋለጥ አንድ ነገር ነው፣ «እገሌ ወስዷል» ማለት ሌላ። ሁለተኛው ከፍ ያለ ማስረጃ ይፈልጋል።

የእኛው ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስም ከዚህ ሰፈር ናቸው። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ኮሚሽነር ሆነው በ1976 ረሃቡ እየመጣ መሆኑን ኮሚሽኑ አስጠንቅቋል፤ ደርግ ግን የመስከረም 1977ን 10ኛ ዓመት በዓል እያዘጋጀ ነበር። ሰውየው በ1978 አሜሪካ ቀርተው ከውስጥ ያዩትን ተናገሩ። ሠፈራውንም ከሚመሩት አንዱ እሳቸው ነበሩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይቻላል። ግን ጅቡ ደጃፍ ላይ ቆሞ የጮኸ ውሻ የት እንደሚገኝ እናውቃለን፤ ስለዚህ የሚቀሩልን ምስክሮች በአብዛኛው ዘግይተው የጮኹት ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ሲናገር ስለ ስብሰባው፣ ስለ ትእዛዙ፣ ስለ ቁጥሩ አስተማማኝ ሊሆን ይችላል፤ «እኔ ተቃውሜ ነበር» ሲል ግን ሁለተኛ ምስክር መፈለግ ነው።

የመነሻ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ተባባሪ የነበረ ሰው የራሱን ድርሻ ያሳንሳል፤ ስለዚህ ፊርማው ያለበትን ወረቀት ፈልግ። ቂም የያዘ ሰው የጠላቱን ስም ከላይ ያደርጋል፤ ስለዚህ እሱ ያልጠቀሳቸው ሌሎች ፈራሚዎች እነማን እንደሆኑ ተመልከት። ጥገኝነት የሚፈልግ አደጋውን ያገዝፋል እንጂ ስንዴውን ለማገዘፍ ብዙ ምክንያት የለውም። ገንዘብ የሚከፈለው ደግሞ በየሳምንቱ ከቀድሞው የባሰ ነገር ይዞ ይመጣል፤ የመጀመሪያውን ወረቀቱን ከሦስተኛው ለይቶ መመዘን ይገባል። ከጀርባ ደጋፊ ያለውም እንዲሁ። «ቄሳር» በሚል ስም የታወቀው የሶሪያ ወታደራዊ ፎቶ አንሺ ይዞ ከወጣቸው 53,275 ፎቶዎች ከፊሎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመረመሩት እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ኳታር ከፍላ ነው፤ ኳታር ደግሞ የጦርነቱ አንድ ወገን ነበረች። ነቀፋው ተገቢ ነበር። የመብት ተሟጋቹ ድርጅት ሂውማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ራሱን ችሎ ሲያየው ግን በእስር ላይ የሞቱ ቢያንስ 6,786 ሰዎችን ቆጠረ፤ አስከሬኖቹ ላይ የእስረኛው፣ የያዘው የደኅንነት ክፍልና የሞት መዝገብ ቁጥሮች ነበሩ፣ ከቤተሰቦች ቃል ጋርም ተመሳከሩ። የኳታር ገንዘብ በአስከሬን ግንባር ላይ ቁጥር አይጽፍም።

አሁን ወደ ስንዴው። አውራ ምሳሌው የትልቅ አገር ስለሆነ ነገሩ ከእኛ የራቀ ይመስላል እንጂ፣ ደብረ ብርሃን ቻይና ካምፕ ያሉ ተፈናቃዮች ዝርዝር ላይም ስሌቱ ያው ነው።

የእርዳታ ራሽን በአገራችን በተለመደው መጠን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ክክ፣ 0.45 ሊትር ዘይት ነው። አንድ ዝርዝር ላይ 240 አባወራና እማወራ፣ በድምሩ 1,200 ሰው አለ እንበል። እህሉ 18,000 ኪሎ ይሆናል፤ 180 ኩንታል፣ በ50 ኪሎ ጆንያ 360 ጆንያ። ወጪ ማድረጊያው ሞዴል 22 ላይም 360 ጆንያ ተጽፏል። ጠቋሚው የማከፋፈያውን ሉህ ፎቶ ይዞ መጥቶ «ከ1,200 ሰው የፈረመው 180 ብቻ ነው፤ 153 ኩንታል ተሰርቋል» ይላል። ወሬው ይቀጣጠላል።

ስህተቱ ሉሁን አለማንበብ ነው። ጣት የሚያሳርፈው የቤተሰቡ ተጠሪ ነው፤ «የቤተሰብ ብዛት» የሚለውን ዓምድ መደመር ያስፈልጋል። 180ዎቹ ፈራሚዎች 900 ሰው ከወከሉ የወጣው 13,500 ኪሎ፣ 270 ጆንያ ነው። የጎደለው 90 ጆንያ፣ 45 ኩንታል ይሆናል። ጠቋሚው ከሦስት እጥፍ በላይ አጋንኗል። ቂም ይሆን? አለማወቅ ይሆን? ለእኔ ሁለቱ እዚህ ጋ እኩል ናቸው። ተከላካዩ ግን «ውሸታም ነው፣ 153 አልጎደለም» ብሎ ፋይሉን ሊዘጋ ይሞክራል፤ 45ቱን ኩንታል በ153ቱ ውሸት ጠቅልሎ ለመቅበር። የተለመደው ማምለጫ ይኼ ነው።

ከዚያ 45ቱ የት እንደሄደ ንጹሕ ምክንያት ካለ ማየት ይገባል፤ አለም። ያልመጡ ሰዎች ድርሻ ወደ መጋዘን ተመልሶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የመመለሻ ሞዴል 19 መቆረጥ አለበት፣ ቢን ካርዱ (የመጋዘኑ ገቢና ወጪ መመዝገቢያ ካርድ) ላይም በቀኑ ገቢ ሆኖ መታየት አለበት። ዝናብ መትቶት ከተበላሸ ቃለ ጉባኤ ይኖራል፤ የፈረሙትም ከአንድ በላይ መሆን አለባቸው። ሕዝቡ ራሱ ዝርዝር ውስጥ ላልገባው ጎረቤቱ አካፍሎ ከሆነ ደግሞ ጉድለቱ በመጋዘን ሳይሆን በየቤቱ ነው የሚታየው፤ ሰው 15 ፈርሞ 10 ይዞ ይሄዳል። መካፈል መሆኑን ሳያጣራ ይህን «ዘረፋ» ብሎ የሚጮህ ጠቋሚ ይኖራል፤ ክፋት የለበትም፣ ግን ተሳስቷል።

እኔ ግን ከሁሉ የምወደው ዘይቱን ነው። 300 ሰው እውነት ቀርቶ ከሆነ የሚተርፈው እህል ብቻ አይደለም፤ 450 ኪሎ ክክና 135 ሊትር ዘይትም በልኩ መትረፍ አለባቸው። ሦስቱም በልክ ተመልሰው ከተገኙ ያልመጡ ሰዎች ታሪክ እውነት ነው። ዘይቱ ተመልሶ ስንዴው ካልተመለሰ ሰዎቹ ቀርተዋል፣ ስንዴው ግን ሌላ በር ወጥቷል። ሦስቱም ከሌሉ ጥያቄው ጨርሶ ሌላ ነው። ይህን ለማወቅ የጠቋሚውን ንስሐ አባት ማነጋገር አያስፈልግም።

ማዳበሪያ ላይ ስሌቱ ይቀላል። በአጠቃላይ ምክሩ ለአንድ ሄክታር 1 ኩንታል ዩሪያና 1 ኩንታል ኤንፒኤስ አካባቢ ነው፤ ግማሽ ሄክታር ያለው ገበሬ በስሙ 8 ኩንታል ወጪ ከሆነ የመሬት ማረጋገጫ ደብተሩን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ዝርዝሩ በሙሉ በአንድ እስክሪብቶና በአንድ እጅ የተጻፈ ከሆነ፣ የጣት አሻራዎቹም ተመሳሳይ ከመሰሉ፣ ሌላ ነገር ይባላል።

መነሻን ችላ በሉ ስል ወጥመድ የለም እያልኩ አይደለም። መረጃው ከላይ ሆን ተብሎ ሲለቀቅ የሚያገለግለው ሌላ ጉዳይ ነው። በ1993 የሕወሓት መከፋፈል ከደረሰ በኋላ በወራት ውስጥ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በአዋጅ ተቋቋመ፣ በሙስና የተከሰሰ ዋስትና እንዳያገኝም ሕግ ወጣ፣ ከተሸናፊው ወገን የነበሩት ስዬ አብርሃ ታሰሩ፤ ፍርድ ቤት ሲፈታቸው ወዲያው ተመልሰው ተያዙ። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚወጣ ወረቀት ውሸት ላይሆን ይችላል። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው፤ አንዱን ወገን ብቻ ያሳያል። ስለዚህ «እውነት ነው ወይ?» ላይ «ሌላውስ መጋዘን?» የሚል ጥያቄ ይጨመራል። ሌላው ወጥመድ ተጠቋሚውን ሳይሆን ተቀባዩን የሚፈልግ ነው፤ ማን እንደሚያሰራጭ ለማወቅ የተጣለ ሐሰተኛ ሰነድ። ምልክቱ ችኮላው ነው፦ «ዛሬውኑ አውጣው፣ ነገ ያልፍበታል»። ስንዴ በአንድ ሌሊት አያረጅም።

ስለ ውጤትም ዝም ማለት አይቻልም። በሰኔ 2015 የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እርዳታው በስፋት እየተዘረፈ ነው ብለው የምግብ እርዳታውን በመላ አገሪቱ አቆሙ፤ በሰፊው እንደገና የተጀመረው ወደ ስድስት ወር ገደማ ቆይቶ ነው። ዘረፋውን ያጋለጠው እውነት ነበር፤ ጾሙን ያደረው ግን ዘራፊው አልነበረም። ጠቋሚው ይህን ማሰብ ነበረበት ወይ? ለእኔ ውሳኔውን የወሰነው ማቆሚያውን የፈረመው ነው፣ ስንዴውን የሸጠው ደግሞ ሌላው። ይህን ስል ግን ድንኳን ውስጥ ሆና ስድስት ወር የጠበቀች እናት ፊት ቆሜ ብናገረው ድምፄ እንደሚቀንስ አውቃለሁ።

አዋጅ 699 ጥበቃ ይሰጣል፤ ማንነትን መደበቅ፣ መኖሪያ መቀየር፣ በመጋረጃ ጀርባ መመስከር፣ ራሱ በተሳተፈበት ወንጀል ከመከሰስ ነፃ መሆን ሳይቀር። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነው፤ ሕጉ ራሱ ንጹሕ እጅ አይጠይቅም። ግን የሚሠራው ወንጀሉ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ ሆኖ፣ በሌላ መንገድ ሊረጋገጥ የማይችል ሲሆንና ከባድ አደጋ አለ ተብሎ ሲታመን ነው። የጥቂት ኩንታል ጉዳይ ይህን ወንፊት ላያልፍ ይችላል። ጥበቃውን የሚሰጠውም መንግሥት ነው፤ ከሳሹም ተከሳሹም አንድ ቤት በሆነበት።

ስለዚህ ተቀባዩ ራሱ ጠባቂ ይሆናል። ወረቀቱን ከመለጠፍ በፊት መቆጠር ያለበት፦ ይህን ወረቀት ስንት ሰው አይቶታል? ሁለት ከሆነ ፎቶውን መለጠፍ ስም መጥራት ነው። ያኔ ቁጥሩን ብቻ ማውጣት፣ ወይም አሥር ሰው ከሚያየው ሌላ ሰነድ ያንኑ ቁጥር መፈለግ ይሻላል። ስልክ ያነሣው ፎቶ ሰዓቱንና ቦታውን በፋይሉ ውስጥ ይዞ ሊጓዝ ይችላል። በቴሌግራም ፎርዋርድ የተደረገ የመጀመሪያውን ላኪ ስም ሊያሳይ ይችላል። ስክሪንሾት ላይ ሰዓቱ፣ የባትሪው መጠን፣ ከላይ የገባው መልእክት ይቀራል። ሲም ካርዱ በመታወቂያ የወጣ ነው። ጠርዝ ላይ ያለች የእጅ ጽሑፍ ማስታወሻ፣ የታጠፈ ጥግ፣ የቡና ጠብታ ሳይቀር ወረቀቱን ለሚያውቀው ሰው ባለቤቱን ትናገራለች። «ምን ፈልጎ ነው?» የሚሉት ሰዎች ሳያስቡት ማን እንደሆነ ለማወቅ የሚረዱት በዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ግምት አንድ ስም ከዝርዝሩ ይሰርዛል።

ከሁሉ በኋላ የሚቀረው ጥራዙ ነው። የሞዴል 22 ቅጠሎች ተከታታይ ቁጥር አላቸው፤ ኮፒው ጥራዙ ላይ ይቀራል። ጠቋሚው ያመጣው ቅጠል ቁጥር በጥራዙ ላይ ካለና መጠኑ ከተገጣጠመ ሌላ ምስክር አያሻም። ቁጥሩ ተዘሎ ከሆነ፣ ወይም ጥራዙ «ጠፍቷል» ከተባለ፣ የሚጠየቀው ጥራዙን የፈረመበት ሰው ነው። ከዚያ ወዲያ ጠቋሚው ከጎረቤቱ ጋር በድንበር መካሰስ አለመካሰሱ የሁለቱና የሽማግሌዎቻቸው ጉዳይ ነው።